የግብር ሰምና ወርቅ

ከደሴ ተነሥቶ በኩታበር ደጋ የሚያልፍ መንገደኛ ወደ በሽሎ ሸለቆ ከመውረዱ በፊት ጥቂት ቆሞ በልቡ ዙሪያውን ቢመለከት፥ የነገሥታት ሥራ በአራቱም ማዕዘን ከብቦት ያገኘዋል። በኋላው ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳ ነው። ከዚያ ወዲያ በስተ ምሥራቅ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ አለ። በሰሜን የግማደ መስቀሉ አምባ ግሸን፥ በምዕራብ የዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላና የንጉሥ ሚካኤል ተንታ ይገኛሉ። ፊቱን ወደ ደቡብ ምዕራብ ቢመልስ ደግሞ ጥንት አምሐራ ይባል የነበረው፥ ዛሬ አምሐራ ሳይንትና ቦረና የሚባሉት የሚገኙበት አገር እስከ ዓባይ ድረስ ተዘርግቷል። በዚያ አገር አትሮንሰ ማርያም፥ መካነ ሥላሴና የአባ ጊዮርጊስ ጋስጫ የሚባሉ ስሞች አሉ፤ ከሦስቱም ሁለቱ በወርቅ የታወቁ ነበሩ።

ተምረናል ከሚሉት የከተማ ሰዎች ብዙዎቹ፥ ከካህናትም ጥቂት ያይደሉት፥ ስለዚህ አገር ሲናገሩ ቃላቸው አንድ ነው። «ያ ሁሉ ሊቅ፥ ያ ሁሉ መጽሐፍ፥ ያ ሁሉ ሥዕልና ዜማ የተገኘው ነገሥታት ስለ ሰጡ ነው። የካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ በዐዋጅ የመንግሥት በሆነ ጊዜ ጉልቱ ተነሣ፤ ከጉልቱም ጋር የጉባኤ ቤቱ መሠረት ተናደ። እንግዲህ ሌላ ዳዊት፥ ሌላ ዘርዐ ያዕቆብ እስኪነሣ መጠበቅ ነው» ይላሉ። ሌላው ዘርዐ ያዕቆብ ሲዘገይባቸውም ባለ ብዙ ገንዘቡን ነጋዴ በእርሱ መንበር አስቀምጠው ቅኔ ይቀኙለታል። ይህ አነጋገር ግማሹ እውነት ስለ ሆነ ፈጽሞ ሐሰት ከሆነው ይልቅ ይጎዳል።

ግማሹን እውነት መካድ ድፍረት ይሆናል። በዐፄ ዳዊት ዘመን ተአምረ ማርያም ወደ ግዕዝ ተመልሷል። ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት፥ መጽሐፈ ብርሃንን ያህል ድርሰት የተዉ ንጉሥ ነበሩ። ደግሞስ ብራና ከሰማይ አይወርድም። ለአንድ ወንጌል ብዙ በግና ፍየል ይታረዳል፤ ፋቂው፥ ቀለም ቀማሚው፥ ጸሐፊው ሁሉ ይበላል። ሰጪ አላስፈለገም የሚል ሰው ብራና ሲፋቅ አላየም። ነገር ግን ክርክሩ ሰጪ አስፈለገ ወይስ አላስፈለገም በማለት አይደለም፤ የሰጠው ማን ነው፥ ሲሰጥስ ምን ወሰደ በማለት ነው።

የቅኔ ተማሪ ገና በጉባኤ ቃና ሳለ ሊፈታው የሚገባ አንድ ቃል አለ፤ እርሱም ግብር ነው። ገባሩ ከማሳው ለጌታው የሚያገባው እህል፥ ማርና ሙክት ግብር ይባላል። ንጉሡም በአዳራሹ መኳንንቱን፥ ወታደሩንና ካህናቱን የሚያበላበት ማዕድ ግብር ይባላል። ስሙ አንድ የሆነው እህሉ አንድ ስለ ሆነ ነው። በጓሮ በር በገባሩ ጫንቃ ገብቶ በአዳራሹ በአሳላፊ እጅ ሲወጣ የተለወጠው ምስጋናው ብቻ ነው። ሲገባ ማንም አላመሰገነም፤ ሲወጣ ግን አዝማሪው በመሰንቆ፥ ደብተራው በመወድስ የንጉሡን ለጋስነት አወጁ። የንጉሡ ቸርነት ሰም ነው፤ ወርቁ የገባሩ ላብ ነው። በደሴ የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ «አይጠየፍ» ተብሎ መሰየሙ ድኻውን ሁሉ ያለ መናቅ የሚያበላ ነው ለማለት ነው፤ ስሙ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ንጉሡ በሰገሌ ድል ሲሆኑ የማዕዱ ግብር በአንድ ቀን ቀረ፤ የገባሩ ግብር ግን ጌታ ለውጦ ቀጠለ።

ጉልትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ንጉሥ ለገዳም ጉልት ሰጠ ሲባል ምድሩን ከራሱ ቆርሶ የሰጠ ይመስላል። ርስቱ ግን የባላገሩ ነበረ፤ ንጉሡ የሰጠው ከዚያ ርስት የሚወጣውን ግብር የመቀበልን መብት ነው። በወንጌል ኅዳግ የተጻፈውን የጉልት ጽሕፈት ያነበበ ያውቀዋል፤ የሰጪው ንጉሥ ስም አለ፥ የምስክሮቹ መኳንንት ስም አለ፥ ስጦታውን በሚሽር ላይ የሚወርደው ግዝት አለ። አራሹ የለም።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የሆነ አይደለም፤ ከሌላው አገር ጋር ማስተያየትም ነገሩን ይገልጠዋል። የእስጳንያ ንጉሥ 2ኛው ፊልጶስ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1563 እስከ 1584 ከማድሪድ አቅራቢያ ኤስኮሪያል የሚባለውን ሕንጻ አሠራ። በአንድ ቅጥር ውስጥ ገዳምም፥ ቤተ መንግሥትም፥ ቤተ መጻሕፍትም፥ የነገሥታት መቃብርም ነበረ፤ የአባቱን የ5ኛውን ካርሎስን ዐፅም ወደዚያ አፍልሶ አስቀመጠ። ዓለም ይህን ሕንጻ እጅግ ያደንቀዋል። ነገር ግን ያ ንጉሥ፥ የአሜሪካ ብር በመርከብ እየተጫነ የሚመጣለት፥ በ1557፥ በ1575ና በ1596 ለአበዳሪዎቹ መክፈል አልችልም ብሎ ነበር። በ1590 ደግሞ ሚሊዮኔስ የሚባል አዲስ ግብር ቆመ፤ እርሱም በወይን ጠጅ፥ በዘይት፥ በሥጋና በሆምጣጤ ላይ እየተጫነ የካስቲልያን ድኻ ከማዕዱ ቀነሰበት። በዚያ አገር ከንጉሥ የሚገኝ ሹመትና ጡረታ ሁሉ «መርሴድ» ይባል ነበር፤ ትርጓሜው ጸጋ፥ ችሮታ ማለት ነው። ሕዝቡ ይህን ቃል ከመልመዱ የተነሣ አንዱ ሌላውን ሲያከብር «የእርስዎ ጸጋ» እያለ ይጠራው ጀመር፤ ዛሬም እስጳንያዊ «እርስዎ» ሲል የሚናገረው ከዚያው ቃል ያጠረውን ነው። ደጅ ጥናት እንዲህ አድርጎ ወደ ሰው አንደበት ይገባል። በኢትዮጵያም «ቢትወደድ» የማዕረግ ስም ነበር፤ መወደድ ሹመት በሆነበት አገር ማወቅ ብቻውን ምን ይሆናል?

በዚያው አገር ቬላስኬስ የሚባል ሠዓሊ ነበረ፤ ከሠዓሊዎች ሁሉ ታላቅ ነው የሚሉት ብዙዎች ናቸው። 4ኛው ፊልጶስ ወደደው፥ በቤተ መንግሥቱም ሾመው። የሾመው ግን በምን ላይ ነው? በ1652 የንጉሡን ማደሪያና የጕዞውን ማረፊያ የሚያሰናዳ አዛዥ አደረገው። ሠዓሊው ምንጣፍና እልፍኝ ሲያሰናዳ ብሩሹ ቦዘነ። በ1656 የሣለው ታላቁ ሥዕል ንጉሡንና ንግሥቲቱን በመስታወት ውስጥ፥ ራሱን ሠዓሊውን ከሸራው ፊት ቆሞ ያሳያል። በደረቱ ላይ ያለው ቀይ መስቀል የቅዱስ ያዕቆብ ማኅበር ምልክት ነው፤ የተጨመረውም ከሦስት ዓመት በኋላ ማዕረጉን ካገኘ ወዲህ ነው። ማዕረጉን ለማግኘት ምስክሮች ቆመው ይህ ሰው በእጁ ሥራ ዋጋ ተቀብሎ የማያድር፥ ሱቅም የሌለው ነው ብለው መመስከር ነበረባቸው። የዓለም ታላቅ ሠዓሊ ክብር ያገኘው ሠዓሊነቱን እንደ ነውር ሸሽጎ ነው። ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ፥ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ብሎ የሰደበ አገር ግን በእስጳንያ ሊስቅ አይችልም።

ወደ አምሐራ ምድር እንመለስ። ፊልጶስ በኤስኮሪያል ያደረገውን ዐፄ በእደ ማርያም፥ ከ1460 እስከ 1471 ዓ.ም. የነገሡት፥ ከእርሱ አንድ መቶ ዓመት ቀድመው በአትሮንሰ ማርያም አድርገውታል። ቤተ ክርስቲያኑን አስጊጠው የቀደሙትን ነገሥታት ዐፅም ወደዚያ አፈለሱ። ከቬኔስያ የመጣው ብራንካሊዮን፥ በኢትዮጵያ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረው፥ በዚያ ሥዕል እንደ ሣለ ይነገራል። ሕፃኑን በእመቤታችን ግራ ክንድ ላይ አድርጎ በመሣሉም ሕዝቡ፥ ጌታን በግራ ማድረግ ማዋረድ ነው ብሎ ተቆጣ ይባላል፤ ሥዕሉ ግን በቦታው ቆየ። ታሪኩ ለሳቅ ይነገራል፤ ሊያሳስብ ግን ይገባው ነበር። የሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን የሕዝብ ዓይን ያልተጠየቀበት ሥዕል የማን ነው?

ከአትሮንስ ሌላ ዐፄ ናዖድ ጀምረው ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት መካነ ሥላሴ ነበረ። የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬስ አይቶት ስለ ግርማው ጽፏል፤ የኢማም አሕመድን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህም የወርቁን ብዛት በመደነቅ ይተርካል። ሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት በ1524 ዓ.ም. ተቃጠሉ። ዘማቾቹ ከመካነ ሥላሴ ወርቁን እየፋቁ ወሰዱ፤ የቀረው ከሕንጻው ጋር ነደደ። ወርቅ የተለበጠ ቤት ለዘመቻ መሪ አይሰወርም፤ ነገሥታቱ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የሰበሰቡት በአንድ ክረምት መውጫ አለቀ።

የመቅደላው ነገር ከዚህ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ያለቀው ወርቅ ሳይሆን መጽሐፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ሊያቆሙ አስበው ከጎንደር አድባራት መጻሕፍትን አስመጡ፤ አሳቡ የታላቅ ንጉሥ አሳብ ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው ሲያዝ ግን እንግሊዞች የወሰዱትን ለመጫን ዐሥራ አምስት ዝሆንና ሁለት መቶ ያህል በቅሎ አስፈለጋቸው። ከዚያ የተወሰዱ ሦስት መቶ ሃምሳ ያህል መጻሕፍት ለንደን ገቡ። የዘራፊውን ኃጢአት ዘራፊው ይሸከመው፤ ነገር ግን መጻሕፍቱ በየደብራቸው፥ በየዕቃ ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ የትኛው ዝሆን በየመንደሩ እየዞረ ይለቅማቸው ነበር? በንጉሥ እጅ የተከማቸ ከንጉሡ ጋር ይወድቃል።

«ታዲያ የነገሥታትን ቤት የማያውቅ ሊቅ ማን አለ? አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ እንኳ የቤተ መንግሥት ልጅ አይደሉምን?» የሚል ይኖራል። መልካም ጥያቄ ነው፤ መልሱም እዚያው ቦረና ይገኛል። አባታቸው በንጉሡ ድንኳን ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ካህን ነበሩ፤ እርሳቸውም የነገሥታትን ልጆች አስተምረዋል። ነገር ግን ሊቅ የሆኑት በድንኳኑ ውስጥ አይደለም። ወደ ሐይቅ ሄደው ትምህርቱ አልገባ ብሏቸው፥ ጓደኞቻቸው እየቀለዱባቸው፥ ለብዙ ጊዜ በወፍጮ ቤት እህል ሲፈጩ እንደ ኖሩ ገድላቸው ይናገራል። መጽሐፈ ምሥጢርን በ1416 ዓ.ም. ፈጸሙ፤ በተከታዩም ዓመት ዐረፉ። ቤተ መንግሥቱ ለዚህ ሊቅ ከሰጠው ስጦታ አንዱ እስር ቤት ነው፤ በሐሰት ተከሰው ታስረዋልና። እንግዲህ አንባቢ ይፍረድ፤ የመካነ ሥላሴ ወርቅ ዛሬ የት አለ? የአባ ጊዮርጊስ ሰዓታት ግን ጣራው በሣር የተከደነ፥ ቄሱ ጥንድ ልብስ በሌለው ደብር ሁሉ ሌሊት ይቆማል።

ከዚህም የሚጠነክር ማስረጃ አለ፤ ካህናት ግን ማንሣቱን አይወዱም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ንጉሡ ባዘዘው መንገድ አንሰግድም ብለው ተገረፉ፥ ተሰደዱ፥ ሞቱ። ቤተ ክርስቲያን በትምህርታቸው የፈረደችው ፍርድ የታወቀ ስለ ሆነ በዚህ አይመረመርም። የሚመረመረው ሌላ ነው። ከቤተ መንግሥት አንዳች የማይቀበሉ፥ ይልቁንም ከቤተ መንግሥት የሚሸሹ እነዚህ ሰዎች በአጋሜ በጕንዳ ጕንዴ ያቆዩት የብራና ክምችትና የሥዕል አጣጣል እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያስደንቃል። ጉልት ሰጪ ከሌለ ጥበብ የለም ለሚል ሰው ይህ ገዳም መልስ አይሻም፤ ራሱ መልስ ነው።

ቤተ መንግሥት የሚሰጠው እህልና ወርቅ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ሰጪው ግን ውሎ አድሮ ሃይማኖትንም ልስጣችሁ ይላል። ዐፄ ሱስንዮስ እስጳንያዊውን ፔድሮ ፓኤዝን አቀረቡ፥ ለእርሱና ለባልንጀሮቹ በጎርጎራ ምድር ሰጡ፤ በዚያን ዘመን ፖርቱጋልንም ይገዛ ከነበረው ከእስጳንያ ንጉሥ ጋር ተጻጻፉ። በ1614 ዓ.ም. የሮማን ሃይማኖት ተቀበሉ። ከመኳንንቱም ከካህናቱም የንጉሡን ማዕድ የለመዱ ብዙዎች አብረው ተከተሉ፤ ግብር የበላ አፍ መናገር ይከብደዋል። የተቃወመው ማን ነው? ባላገሩና በየገዳሙ ያሉ መነኮሳት ናቸው፤ የንጉሡ አማካሪ የመልክአ ክርስቶስ ሚስት ወለተ ጴጥሮስም ባሏንና ቤተ መንግሥቱን ትታ ወጣች። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ንጉሡ በ1624 ዓ.ም. የቀደመው ሃይማኖት ይመለስ ብለው ዐወጁ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ተዋሕዶን ያተረፋት ከአዳራሹ ውጭ የነበረው ሰው ነው።

ይህን ሲሰማ ደስ የሚለው ካህን በቦሩ ሜዳ ላይም ጥቂት ይታገሥ። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ንጉሥ ምኒልክን አስከትለው፥ ሊቃውንቱን ሰብስበው፥ ተዋሕዶ ረታች፤ ጸጋና ቅባት ተረቱ። በትምህርቱ እውነተኛነት ክርክር የለም። ነገር ግን ያ እውነት በሊቃውንት አንደበት ከረታ በኋላ የንጉሥ ሰይፍ ምን ጨመረለት? ለወሎ እስላሞች ሦስት ዓመት ተሰጥቶ ተጠመቁ ተባለ። መሐመድ ዐሊ ሚካኤል፥ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተብለው ክርስትና ተነሡ፥ ነገሥታቱም የክርስትና አባት ሆኑላቸው፤ ሹመታቸውም ጸና። ሹመት የሌለው ባላገር ግን ከሁለት አንዱን፥ ጥምቀትን ወይም ስደትን፥ እንዲመርጥ ተገደደ። ሼኽ ጠልሃን ተከትሎ ያመፀው ሕዝብ ከዚህ ወጣ። ወንጌል በፍቅር ልታገኘው ትችል የነበረውን ሰው ዐዋጅ አሸሸው፤ በኩታበርና በአካባቢው አንድ ቤተ ዘመድ በሁለት ሃይማኖት ሆኖ በሰርግና በለቅሶ በፍቅር መገናኘቱ የዐዋጁ ፍሬ ሳይሆን ዐዋጁን ታግሦ ያሳለፈው የባላገሩ ጠባይ ነው።

አሁን ንጉሥ የለም፤ ደጅ ጥናቱ ግን አልቀረም። ባለጸጋው ከከተማ ወጥቶ በተወለደበት ቀበሌ በሲሚንቶና በመስታወት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠራል፥ ስሙን በእብነ በረድ ያስቀርጻል። በምረቃው ቀን ጳጳስ ይመጣል፥ ሰንጋ ይጣላል፥ ቅኔ ይዘረፋል። ከዚያ ሕንጻ በስተ ጀርባ ባለው ጎጆ የቅኔው መምህር ለሃያና ለሠላሳ ተማሪ በቃሉ ያስተምራል፤ ከምረቃው ማዕድ የደረሰው ትራፊ ነው። ካህናቱም መምህሩን ሳይሆን ባለጸጋውን ይከተላሉ፤ ልጁን ሲድር ያጅባሉ፥ ከሰው ጋር ሲጣላ በእርሱ ወገን ቆመው ያስታርቃሉ። ያ ሰው ነገ ቢከስር ወይም ቢቀየም ደብሩ ምን ይሆናል? የአትሮንስ ወርቅ የሆነውን ይሆናል።

የሚያስፈልገው ግልጥ ነው፤ ታላቅ ሰጪም አያስፈልገውም። እያንዳንዱ ሰበካ ከሚያገባው ላይ አስቀድሞ ለጉባኤ ቤት የተወሰነ ክፍል ይቁረጥ፤ ብዙ አጥቢያ ተባብሮ አንድ መምህር ያኑር፤ ባለጸጋውም ቢሰጥ እንደ ሌላው ምእመን በሙዳየ ምጽዋት ይስጥ እንጂ እብነ በረድ አይቀረጽለት። «ይህ ሕልም ነው፤ ድኻው ከየት አምጥቶ ነው?» የሚል ካለ፥ ድኻው ዛሬም እየሰጠ ነው። በቦረና በማንኛውም ማለዳ ደበሎ የለበሰ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ዱላውን ለውሻ ይዞ፥ በደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ሴትዮይቱም ከምጣዱ ላይ ያነሣችውን ገና ትኩስ የሆነውን ቁራሽ ይዛ ትወጣለች፤ ተማሪውም ተቀብሎ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሄዳል።